የአሥራ አምስተኛው ቀን ክዳን

የችግኝ ጣቢያው ኃላፊ አቶ ሞላ በላስቲክ ቤቱ ወለል ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። አጠገባቸው የአካፋ እጀታ ወድቋል። ኢንስፔክተር አሰለፈች ሬሳውን አይታ ምንም አልተሰማትም፤ የደብረ ታቦር የሐምሌ ብርድ ጣቷንም ልቧንም አደንዝዞታል። ዐይኗ ያረፈው የችግኝ መደቡ ላይ ነው። ከጠርሙስ ወጥተው አፈር በመልመድ ላይ ያሉ የወይን ችግኞች ላስቲክ በጥንቃቄ ተከድኖባቸዋል። የላስቲኩ ላይኛው ገጽ ንጹሕ ነው። ከሥሩ ያሉት ቅጠሎች ላይ ግን ደም ተረጭቷል።

«ማን ከደናቸው?»

«እኔ አይደለሁም» አለች ችግኞቹን በቤተ ሙከራ ጠርሙስ ያራባችው ፈንታነሽ። «ከጠርሙስ እንደወጡ ነፋስ ያጠወልጋቸዋል፤ ለዚህ ነው የምንከድናቸው። ዛሬ ግን አሥራ አምስተኛ ቀናቸው ነው። ላስቲኩን ካነሣሁት ሦስት ቀኔ። አሁን ቢታፈኑ ይበሰብሳሉ።»

«አቶ ሞላስ ለምን መጡ?»

«ችግኞቹን ሊያስወግዱ። ሥራው ቆሟል ብለው ትናንት ለሁላችንም ደውለው ነበር።»

ሾፌሩ ይማም ቀጠለ፦ «በር ላይ አውርጃቸው ጎማ ላስጠግን ሄድኩ። ወላሂ፣ ውስጡን ረግጬው አላውቅም።»

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ችግኞቹን ከፈንታነሽ ጋር ሲከድኑ የነበሩት ዘበኛው ጋሽ ይሻው፣ ለእህታቸው ተዝካር ማሳቸው ወዳለበት ወንዛዬ ሄደው ስምንት ቀን ሰንብተው ዛሬ ጠዋት መመለሳቸው ነው። «እኔ ስደርስ ሰው ተሰብስቦ ነበር» አሉ።

«የወንዛዬው ማሳዎ እንዴት ነው?»

«ባዶ ነው። ሞላ የወይን ችግኝ እሰጥዎታለሁ ቢለኝ ጌሾውን ነቀልኩት።»

አሰለፈች ሦስቱንም መደቡ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ደሙ ከላስቲኩ በታች ነው። ስለዚህ ችግኞቹ የተከደኑት ከምቱ በኋላ ነው። ገዳዩ ሰውየውን ትቶ ችግኞቹን ለማዳን ሮጧል። ይማም መከደን እንዳለባቸው አያውቅም። ፈንታነሽ ጊዜው እንዳለፈ ታውቃለች። መክደኑን ተምሮ፣ ላስቲኩ ሲነሣ ያልነበረ አንድ ሰው ብቻ ነው።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ጋሽ ይሻው፣ ተገልጠው ሲያዩዋቸው፣ አቶ ሞላ እንዲደርቁ የገለጧቸው መሰለዎት።»

ጋሽ ይሻው አልካዱም። «ጌሾውም የለ፣ ወይኑም የለ። ከሁለት ያጣ ጎመን ልሆን ነው ብዬ መታሁት» አሉ፤ የሌላ ሰው ነገር የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ወደ ፈንታነሽ ዞር አሉ። «ልጄ፣ እንግዲያስ ክዳኑን አንሺላቸው።»

ፈንታነሽ እጇን ዘረጋች።

«አይነካም» አለች አሰለፈች። «ማስረጃ ነው።»

ላስቲኩን በማኅተም አሸገችው፤ ሁሉንም አስወጥታም በሩን ቆለፈች።