ስምንተኛው ዙር

መጀመሪያ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ያስገባኝ የዕውቀት ጥማት አልነበረም፤ ዝናብ ነው። ሆሳዕና ክረምት ሲገባ ሰማዩ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ሜዳው ላይ እየሮጥኩ ሳለ ወረደብኝ። ቅርብ ያለው ጣሪያ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ስለነበር ጭቃዬን ይዤ ገባሁ።

ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ቀጭን ሰው ቀና ብሎ ጫማዬን አየ፤ ከዚያ ወለሉን አየ። ወለሉ ገና መወልወሉ ነበር።

«ይቅርታ፣» አልኩ።

«ችግር የለም መምህርት፤ ወለል ተመልሶ ይወለወላል፣» አለና ወንበር ሳበልኝ። «በመስኮቱ አይዎታለሁ። ሁልጊዜ ስምንተኛው ዙር ላይ ይቆማሉ። ለምንድን ነው?»

ተናደድኩ። የተናደድኩት ደግሞ እውነቱን ስለተናገረ ነው።

ሊዲያ እባላለሁ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህርት ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ በዞኑ ውድድሮች ላይ ጨዋታ እዳኛለሁ። ባጃጅ ነጂዎች ሲያዩኝ «ዳኛዋ! ፔናሊቲ ነበር እኮ!» ይሉኛል። ሕልሜ ፌደራል ዳኛ መሆን ነው። ለዚያ የሩጫ ፈተና አለ፦ ሰባ አምስት ሜትር በአሥራ ሰባት ሰከንድ መሮጥ፣ ሃያ አምስት ሜትር በሃያ ሰከንድ መራመድ፣ እንደገና መሮጥ፣ እንደገና መራመድ። አርባ ጊዜ ሲደጋገም አሥር ዙር ይሆናል። ፊሽካው ሳይነፋ መስመሩን ያልረገጠ አንድ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ ሁለተኛ ከዘገየ ይወጣል። ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ሁለቱንም ጊዜ ስምንተኛው ዙር ላይ ወጥቻለሁ።

ሁለተኛ ጊዜ የወደቅሁ ዕለት እናቴ አስቀምጣ አነጋገረችኝ።

«ሦስተኛ ከወደቅሽ ይበቃሻል። የሚክያስ ሽማግሌዎች ይምጡ፤ አገቢና አርፈሽ ተቀመጪ። ካለፍሽ ግን ስለ ፊሽካሽም ስለ ባልሽም አፌን እይዛለሁ። የወደድሽውን አግቢ።»

ሚክያስ የዱራሜ ነጋዴ ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ክፉ ነገር ሰምቼበት አላውቅም። ችግሩ ስሙ ሲጠራ ምንም አለመሰማቴ ነው። ቢሆንም ቃል ገባሁ። እናቴ ተናኜ ፎንቆ ገበያ ሠላሳ ዓመት ቅቤ የሸጠች ሴት ናት። ቃሏ እንደ ሚዛኗ ነው፤ ከእሷ ጋር የተነጋገሩትን ማጠፍ አይቻልም። ሦስተኛው ፈተና ሊደርስ ሦስት ወር ቀርቶት ነበር።

ይህን ሁሉ ለምን ለማላውቀው ሰው እንደዘከዘክሁለት እንጃ። ዝናቡ ረዘመ። ሰውየው ደግሞ ሲያዳምጥ አፉን አይከፍትም፤ ዓይኑን ብቻ ይሰጣል። ስሙ ሆሴዕ ይባላል፤ የዶዮገና ልጅ ነው። ስጨርስ ተነሥቶ በሁለት እጁ የተሸከመውን ትልቅ መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

ከካናዳ በስጦታ ከመጡት መጻሕፍት አንዱ ነበር። ሥዕሉ ላይ ጥርሳቸው የረገፈ ሰዎች በነጭ ሜዳ ላይ ዱላ ይዘው ይሳሳቃሉ።

«የገና ጨዋታ ነው?» አልኩ።

«የገና ጨዋታ የአጎት ልጅ ነው። ሆኪ ይሉታል። ሜዳው በረዶ ነው፣ ጫማው ስለት አለው፣ የሚመታው ደግሞ ክብ ጎማ ነው። ይህንን ሰው ይዩት። ማሪዮ ለሚዩ። ካንሰር ይዞት በጨረር ይታከም ነበር። የመጨረሻውን ሕክምና በጠዋቱ ጨርሶ፣ በአውሮፕላን ሄዶ፣ በዚያው ዕለት ተጫወተ። ግብም አገባ።»

«በዚያው ዕለት?»

«በዚያው ዕለት።»

እኔ የማውቀው በረዶ የባቄላ አበባ የሚያረግፈውን ነው። ሰው እላዩ ላይ ቆሞ፣ በሕመም ላይ ሕመም ተሸክሞ፣ እንደ ንፋስ ሲያልፍ ማሰብ አቃተኝ። ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። ዝናቡ ካቆመ ቆይቶ ኖሯል፤ ሁለታችንም አላስተዋልንም።

መጽሐፉን ልዋስ ብለው አይሆንም አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ለማጣቀሻ ብቻ» የሚል ማኅተም አለበት፤ ሆሴዕ ደግሞ ለማኅተም የሚሞት ሰው ነው። ነገር ግን በማግስቱ ስመጣ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ ሥራ ፈተው የተቀመጡት የካታሎግ ካርዶች ጀርባቸው ባዶ ነው። በአንዱ ጀርባ ላይ፣ በደቃቅ ጽሕፈቱ፣ የአንድ ተጫዋች ታሪክ ወደ አማርኛ መልሶ ጽፎልኛል። ከታች «ቀሪው ነገ» ይላል።

እንዲህ ተጀመረ። በየቀኑ አንድ ካርድ። ካልሲዬ ውስጥ ሸጉጬው እሮጣለሁ፤ ሲደክመኝ አውጥቼ አነበዋለሁ። ጎርዲ ሃው ሃምሳ ዓመት አልፎት፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ ከገዛ ወንዶች ልጆቹ ጋር በአንድ ቡድን መጫወቱን ያነበብኩ ዕለት ሜዳው መሐል ቆሜ «ጉድ!» ብዬ ጮህኩ። ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። «በረዶ በሌለበት አገር የበረዶ ጨዋታ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» አሉኝ። እኔ ግን ጠዋት አልጋዬ ውስጥ ሆኜ «ሃምሳ ዓመት!» ስል እግሬ ራሱ ከብርድ ልብሱ ይወጣ ነበር።

ከዚያ ያሮሚር ያገር መጣ። ካርዱ እንዲህ ይላል፦ «በየቀኑ አንድ ሺህ ቁጭ ብድግ ይሠራ ነበር። እግሩ የዛፍ ግንድ ሆነ። ማንም ከሜዳ ሊገፋው አልቻለም።» ቀጥሎ ቦታ ስላለቀ «ቀሪው ነገ።»

ነገን ማን ይጠብቃል? በዚያው ከሰዓት በኋላ፣ ግድግዳ ተደግፌ፣ አንድ ሺህ ቁጭ ብድግ ሠራሁ። ሺውንም።

በማግስቱ ከአልጋ መውረድ አልቻልኩም። ጉልበቴ አብጦ የሌላ ሰው ጉልበት መሰለኝ። እናቴ በሞቀ ውሃ እያሸች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለችኝ። ልክ ነበረች።

በአራተኛው ቀን እያነከስኩ ቤተ መጻሕፍቱ ገባሁ። ሆሴዕ አራት ካርዶች በተርታ ደርድሮ ይጠብቀኝ ነበር። የመጀመሪያውን አነበብኩት። «ያገር ይህን የጀመረው ገና በልጅነቱ ነው። ዓመት በዓመት ላይ እየጨመረ ነው ያደገው። መምህርት ዛሬ በሃያ ይጀምሩ።»

«ሃያ!» ጮህኩ። አንባቢዎች ሁሉ ዞሩ። «ይኼን ነው ለነገ ያቆየኸው?»

«ቦታ አልበቃኝም…»

«አንተ ወረቀት ታነባለህ፤ የሚሮጠው የእኔ እግር ነው! አንተ ስለ መሮጥ ምን ታውቃለህ?»

ፊቱ ሲገረጣ አየሁ። «ምንም፣» አለ በዝግታ። «ምንም አላውቅም።»

ጥዬው ወጣሁ። ስድስት ቀን ሙሉ በዚያ መንገድ አላለፍኩም። ካርድ አልነበረኝም፤ ጉልበቴ ሲሻለው ሌላ ነገር እየታመመብኝ መሆኑን ለራሴ እንኳን አልነገርኩም።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ሜዳው ላይ አንድ ሰው አየሁ። በሸራ ጫማ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ስልኩን በእጁ ይዞ ይሮጣል። ሩጫው ሩጫ አይባልም፤ ክርኑ ወደ ቀኝ፣ ጉልበቱ ወደ ግራ ነው። ስልኩ ፊሽካ ያሰማል፤ ይራመዳል። እንደገና ያሰማል፤ ይሮጣል። የእኔ ፈተና ነበር። ሦስተኛው ዙር ላይ ተደናቅፎ በግንባሩ ጭቃው ውስጥ ተደፋ። ተነሣ። መነጽሩን በሸሚዙ ጠርጎ ከወደቀበት ቀጠለ።

ማሪዮ ለሚዩን ሳነብ ተደንቄአለሁ። ጎርዲ ሃውን ሳነብ ጮኼአለሁ። እንዲህ ግን ደንቆኝ አያውቅም። ሆሴዕን የወደድኩት ያን ጊዜ ነው።

«ምን እየሠራህ ነው?» አልኩት ስደርስበት።

«ምንም አላውቅም ብዬሽ አልነበር? ማወቅ ጀመርኩ።» ትንፋሹ ስለከዳው ይሁን ጭቃው ስላደፋፈረው እንጃ፣ አንቺ ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር።

«ስንት ቀንህ ነው?»

«ስድስት። ሦስት ዙር ደርሻለሁ።»

«ሦስት ብቻ?»

«ጎርዲ ሃውም በአንድ ቀን ሃምሳ ዓመት አልሞላውም።»

ሁለታችንም እስክናነባ ሳቅን። ግንባሩ ላይ የቀረውን ጭቃ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁለት፤ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ አብረን ሮጥን። እኔ አሥሩን ዙር ስጀምር አብሮኝ ይነሣል፤ ከቻለበት ላይ ይቀራል። አንድ ቀን ስድስተኛውን ጨርሶ ሣሩ ላይ እንደተዘረረ፣ ስምንተኛው ላይ ቆሜ መጣሁበት።

«የሚጥልሽን አገኘሁት፣» አለኝ። «እኔ ሦስተኛው ላይ የወደቅሁት እግሬ ደክሞ አይደለም። ሰባት ይቀረኛል ብዬ አስቤ ነው። አንቺም እዚያ ስትደርሺ ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል። የቀረውን ትቆጥሪያለሽ።»

«ታዲያ ምን ልቁጠር?»

«ዊሊ ኦሪ የሚባል ተጫዋች አለ። ጎማው ቀኝ ዓይኑን መትቶ አጠፋበት። ሐኪሙ ተው አለው። እሱ ግን ለማንም ሳይናገር በአንዱ ዓይኑ እየተጫወተ ትልቁ ሊግ ደረሰ፤ እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እሱ ነው። የማያየውን ትቶ በሚያየው ተጫወተ። አንቺም የማይታይሽን ዙር ተዪው። የሚታይሽ ሰባ አምስት ሜትር ነው።»

በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ዘጠነኛውን ጨረስኩ።

ፈተናው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ሆሴዕ ሰባት ዙር ሮጠ። ከዚያ በላይ ሄዶ አያውቅም። ሣሩ ላይ ተቀምጠን ሳለ «አንድ ነገር ልንገርሽ?» አለኝ።

ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። «ካለፍኩ በኋላ ንገረኝ።»

«ካላለፍሽስ?»

«ለእማዬ የገባሁት ቃል አለ።»

«አውቃለሁ፣» አለ። ከዚያ በኋላ ጫማውን ብቻ ያይ ነበር።

የፈተናው ዕለት አራት ሴቶች ተሰለፍን፤ የእኔ ቁጥር ሦስት ነበር። ፈታኙ ከተፈታኝ በቀር ማንም ሜዳው ውስጥ እንዳይቆይ አዘዘ። ሆሴዕ ከቢሮ ፈቃድ ወስዶ በሥራ ሱሪውና በቆዳ ጫማው ነበር የመጣው፤ እሱም ከሜዳው ወጣ። እናቴም ከፎንቆ መጥታ ከሽቦው አጥር ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ከሆሴዕ ጋር አይተዋወቁም።

«ምን ልታደርጊ መጣሽ?» ብላት «ቃል በሌለሁበት እንዲፈታ አልወድም» አለችኝ።

ፊሽካው ተነፋ። ሰባ አምስት ሜትር። ሃያ አምስት። ሰባ አምስት። አራተኛው ዙር ላይ አንዷ ወጣች። ስድስተኛው ላይ ሌላዋ። ስምንተኛው ላይ እግሬ እንደ እርጥብ እንጨት ከበደ፤ ፊሽካው ተነፋ፤ መስመሩ ግን አንድ እርምጃ ቀርቶኛል።

«ቁጥር ሦስት፣ ማስጠንቀቂያ!» አለ ፈታኙ።

ከዚህ በኋላ አንድ መዘግየት ሚክያስ ማለት ነው። ከንፈሬ መቁጠር ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ከአጥሩ ማዶ የሚጮህ ትንፋሽ የሰማሁት።

ሆሴዕ ነበር። ከሽቦው ውጪ፣ ድንጋዩና ጉድጓዱ ላይ፣ በቆዳ ጫማው ይሮጣል። ስሮጥ ይሮጣል፣ ስራመድ ይራመዳል። ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ ከእኔ ጋር ነበር ለካ! የእሱ ዙር ከእኔ ይረዝማል፤ ስምንተኛው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ሮጦት አያውቅም። መነጽሩ የለም። አንዱ ጫማው የለም። ፊቱ ግን ወደ ፊት ብቻ ነበር።

እኔ በመጽሐፍ ካነበብኳቸው ሰዎች መሐል ማንም እንዲህ አላደረገም። መቁጠሩ ጠፋብኝ። እሱ ሰባ አምስቱን ሲጨርስ እኔም ጨረስኩ። ሲራመድ ተራመድኩ። ዘጠነኛው መቼ እንዳለቀ አላውቅም።

የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ መስመሩን አልፌ ቆሜ ነበር።

«ቁጥር ሦስት፣ አልፋለች፣» አለ ፈታኙ።

ወደ አጥሩ ሄጄ በሽቦው ላይ ተንጠለጠልኩ። ሆሴዕ ማዶ ጭቃው ላይ በጀርባው ተዘርሮ ደረቱ ይነሣል፣ ይወድቃል። እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ለእኔ የያዘችውን ውሃ እንደያዘች መጣች፤ እኔን አልፋ እሱ አጠገብ ተንበረከከች። ራሱን ደግፋ አጠጣችው።

«ለእሱ ይቅደም፤ አንቺ ለምደሽዋል፣» አለችኝ።

ፊቱን በነጠላዋ ጠርጋ አስተውላ አየችው። የተሰነጠቀ እግሩን አየች። ከዚያ ፊቴን ቀና ብላ አየችና፣ ያየችውን ሁሉ ለራሷ ይዛ ወደ እሱ ተመለሰች።

«የማን ልጅ ነህ?» አለችው።

አገራችን ላይ ይህ ጥያቄ ለምን እንደሚጠየቅ ሦስታችንም እናውቃለን። ሆሴዕ አፉን ከፈተ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

«የዶዮገናው የአቶ ጠና…» አልኩ እኔ።

«አንቺን አልጠየቅሁም። ራሱ ይንገረኝ።»

«እማዬ፣ መናገር አልቻለም እኮ።»

«ሲችል ይነግረኛል፣» አለች እናቴ። የገበያ ቀን ጥላ የመጣች ሴት፣ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃው ላይ አጠገቡ ተቀመጠችና ጠበቀችው።