ከአውሮፕላኑ ግድግዳ ውስጥ ያንኳኳው

መንፈስ፣ ዛር፣ ምናምን የሚባል ወሬ እኔ ዘንድ ቦታ አልነበረውም፣ ጎረቤቶቼ ሲያወሩት እየሳቅኩ የማባርራቸው ሴት ነበርኩ፣ ይህን ያዙልኝና ስሙኝ።

በንጉሡ ጊዜ ነው፣ አውሮፕላን ሶዶ ሳር ሜዳ ላይ በሚያርፍበት ዘመን፣ ታናሽ እህቴ አማረች እንቅርቱ አንቋት ድምፅዋ ሹክሹክታ ብቻ ቀርቶ፣ አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ካልሆነች አትተርፍም ተባለ፣ መንገዱ ደግሞ በጭቃ ተቆርጧል። ሜዳው ስንደርስ የዳሞታ ተራራ ጉም ለብሷል፣ አብራሪው እስኪገለጥ እንጠብቅ አለ፣ እኛም ካፊያውን ሸሽተን ክንፉ ሥር ቆምን።

መቼም እኛ አገር እንስራ ሳያንኳኳ የሚገዛ የለም፣ እጄ ለምዶ የአውሮፕላኑን ጎን መታ መታ አደረግኩት፣ ሌላው ቦታ ጥርት ብሎ ጮኸ፣ ከመስኮቱ ሥር ግን ድምፁ የታፈነ ነበር። እጄን ስመልስ፣ እመኑኝ፣ ከውስጥ ልክ እንደኔው መታ መታ ተደረገ።

«ውስጥ ሰው አለ?» አልኩት ጎማውን ሲያይ የነበረውን መካኒክ።

«ማንም የለም እትዬ፣ ጋን ልትገዢ ነው የመጣሽው?» ብሎ እየሳቀ በሩን ከፈተልኝ፣ ባዶ ወንበር ብቻ።

ተመልሼ ከመስኮቱ ሥር ባይ፣ ከሚስማር ራስ የተነሳች ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ አለች፣ መንገዷ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተበስቷል።

«ሽቦ ሲጣጠፍ እንደሚደክመው ነው» አለኝ መካኒኩ፣ «ቆርቆሮም ሲነሳ ሲያርፍ ይደክማል። ቀዳዳውን እኔ ነኝ የበሳሁት፣ ስንጥቁ እዚያ ሲደርስ ይቆማል።»

«ታዲያ ቀዳዳውን አልፎ የሄደው ምንድን ነው?»

«የዝናብ መስመር» አለና በአውራ ጣቱ ጠረገው፣ መስመሩ ግን አልጠፋም፣ ጣቱን አየ፣ እጁን ኪሱ ከተተ። ከዚያ በኋላ አልሳቀም።

ጉሙ ተገልጦ ተሳፈሩ ሲባል አማረችን እንዳትገባ ጎተትኳት። «እዚህስ ብቀር ማን ያድነኛል?» አለችኝ በሹክሹክታዋ፣ እጇን አስለቅቃ ገባች።

ዳነች። የተመለሰችው ግን መንገዱ ሲደርቅ በጭነት መኪና አቧራ ለብሳ ነው፣ ምነው ብላት፣

«እንደተነሳን ከጎኔ ተንኳኳ» አለች፣ «መለስኩለት። እጄን ሳሳርፍ ቆርቆሮው ጠሽ ይላል፣ ሳንኳኳ ይተዋል። እስክንወርድ አንኳኳሁ፣ ጣቴ ደማ። ስወጣ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ እኔ ቦታ ልትቀመጥ ገባች፣ አውሮፕላኑ ሌላ አገር ሊቀጥል ነው። አንኳኪ ልላት አፌን ከፈትኩ፣ በሞተሩ ጩኸት ላይ የሚሰማ ድምፅ ግን አልነበረኝም።»