የታላቅ ወንድሙ ደም

ልብስ ሰፊዋ ከሰዓት ሠሪው ጋር የተዋወቀችው የቆመ የእጅ ሰዓት ልታሠራ ገብታ ነው። ገልብጦ አየውና፣ «ባትሪው አልቆ ነው እንጂ ሌላ ሕመም የለበትም» አላት። በሳምንቱ ሌላ ሰበብ ፈልጋ ተመለሰች። ገብቶታል፤ ወንበር አቀረበላት።

እሱ የሚኖረው ሟች እናቱ በሰጠችው ኩላሊት ነበር። ሰውነቱ ኩላሊቱን ባዕድ ነው ብሎ እንዳይጣላው፣ የበሽታ መከላከያውን የሚያዳክም መድኃኒት በየቀኑ ይውጣል። ሊያገባት መሆኑን ሲነግረው፣ ሾፌር የሆነው ታላቅ ወንድሙ፣ «የሰው ልጅ አምጥተህ አስታማሚ ልታደርጋት?» አለው። ተኳረፉ። ነገሩ ግን ሰዓት ሠሪውን አጥንቱ ድረስ ዘልቆት ኖሮ፣ ጋብቻውን «ለከርሞ» እያለ ሁለት ዓመት ገፋው።

አንድ ቀን ወረንጦው ከጣቱ ወደቀ። በማግስቱም ወደቀ። ከዚያ ቀኝ እጁ ከዳው፤ አንደበቱም ተሳሰረ።

ሆስፒታል ሲገባ፣ ሐኪሟ ለልብስ ሰፊዋ ሳትሸፋፍን ነገረቻት።

«አንጎሉን የጎዳው ቫይረስ በብዙዎቻችን ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። መከላከያው በደከመ ሰው ላይ ግን፣ ከስንት አንዴ፣ ነቅቶ አንጎል ይገባል። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም።»

«ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንየው?»

«አንድ ሙከራ አለ። ቫይረሱን ለይተው የሚያጠቁ የደም ሴሎችን ከጤነኛ ሰው ወስደን እንሰጠዋለን። የሥጋ ዘመድ ቢሆን ይመረጣል። ቃል ግን አልገባልሽም።»

በማለዳ ጋራዥ ሄደች። ሾፌሩ ጎማ ይፈታ ነበር።

«ጋሼ፣ ወንድምዎ በጠና ታሟል። ደምዎን ልለምን ነው የመጣሁት።»

እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ያኔ ያልኩትን ነግሮሻል?»

«ነግሮኛል።»

«አልጠላሽኝም?»

«ጠልቼዎታለሁ። የእኔ ጥላቻ ግን እሱን አያድነውም።»

ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። «ቆዪ፣ የመኪናውን ቁልፍ ላስረክብ።»

ከሾፌሩ ደም የተወሰዱት ሴሎች ተዘጋጅተው ሲመጡ፣ የያዘቻቸው ከረጢት መዳፍ እንኳ አትሞላም ነበር። ሴሎቹ በተሰጡት በመጀመሪያው ሳምንት የሰዓት ሠሪው ትኩሳት ነደደ፤ ሾፌሩ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ «ገደልኩት» እያለ አለቀሰ፤ አጽናኙ እሷው ሆነች። በስድስተኛው ሳምንት ሐኪሟ ቫይረሱ ማሽቆልቆሉን ነገረቻቸው። የእናቱ ኩላሊትም ሳይጎዳ ጸና። ቀኝ እጁ ግን አልተመለሰም።

መናገር ሲጀምር እየተንተባተበ፣ «ከእንግዲህ... ሰዓት አልሠራም። ወንድሜ... እውነቱን ነው። ሂጂ... አልቀየምሽም» አላት።

ወደ አልጋው ቀረብ አለች። «ያን ሁሉ ቃል ለዚህ ነው ያጠራቀምከው?»

ሳቀ። ግማሽ ፊቱ ብቻ ነበር የሳቀው።

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ወንድሜ» አለ ሾፌሩ ከበሩ። «አስታማሚ ሆና አይደለም ጋራዥ ድረስ የመጣችብኝ። ባለቤትህ ሆና ነው።»

በወሩ የጋብቻ ውል ሊፈርሙ ማዘጋጃ ቤት ቀረቡ። ሙሽራው እስክሪብቶውን በግራ እጁ ያዘ። አንዷ ፊደል ደቂቃ ፈጀች። ሾፌሩ ወረቀቱ እንዳይንሸራተት ጫፉን ይዞለት ነበር፤ እሷ ከጎኑ ቆማ ጠበቀችው። ማንም አላጣደፈውም።