ሃያ ብር ለስንት ኮሌታ

አቃቂ በሰቃ ባለ አንድ የተማሪ ልብስ መስፊያ ቤት፣ የተሰፋውን እያየ የሚረከበው ፀሐዩ እሑድ ጠዋት ሞቶ ተገኘ። ጠረጴዛው ሥር በግንባሩ ተደፍቷል፤ ከባዱ የከሰል ካውያ አጠገቡ ወድቋል።

ቅዳሜ ሥራ የሚያበቃው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሠራተኞቹ ሁሉ ያኔ ወጥተናል፣ ፀሐዩ ብቻ ቀርቷል አሉ። ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ የታየችው ግን ልብስ ሰፊዋ ሳፊያ ናት። ጃንጥላ ረስታ ብትመለስ በሩ ከውስጥ ተዘግቶ ስላገኘችው መሄዷን ተናገረች፤ ያመናት የለም። ሰኞ መርማሪዋ ዲንቄ ስትደርስ ሳፊያ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ማስገባት አቅቷት ነበር። ሌሎቹም ጀርባቸውን ለማንም ላለመስጠት ወንበራቸውን ግድግዳ አስጠግተዋል።

ዲንቄ አንድ በአንድ ጠየቀች። ሁሉም ስለፈራ ማንንም አይነካም ያለውን ብቻ ተናገረ። የቤቱ ባለንብረት ወይዘሮ እድላዊት የቅዳሜውን ሒሳብ በተረከበው ሥራ ልክ በዚያው ጠዋት ስትከፍል፣ ኮሌታ ገጣሚው ጌዲዮን ሃያ ብር እንደደረሰው ነገረቻት። ይህ ብቻውን አልበቃትም፤ የአንዱ ዋጋ ካልታወቀ ሃያ ብር የስንት ኮሌታ እንደሆነ አይታወቅም። ሳፊያ ለአንድ ኮሌታ ሃምሳ ሳንቲም እንደሚከፈል ነገረቻት። ይህም ብቻውን አይበቃም። ሁለቱ ሲገናኙ ግን አርባ ኮሌታ ሆነ።

ቀጥላ ልብስ በካውያ የሚተኩሰውን አዛውንት ወልደሚካኤልን ጠራች።

«አባባ፣ ፈጣን ሰው በሰዓት ስንት ኮሌታ ይገጥማል?»

«አምስት። ከዚያ ያለፈ እዚህ ቤት አላየሁም፣ ልጄ።»

ያን ጊዜ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። ቅዳሜ የተሠራው ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤ በአራት ሰዓት ከሃያ ኮሌታ አያልፍም።

«ጌዲዮን፣ የተከፈለህ ለአርባ ነው» አለች። «ሃያውን መቼ ሰፋኸው?»

ጌዲዮን ከዓርብ የተረፈ ነው አለ። እድላዊት አንገቷን ደፍታ፣ ጨርቁ የታደለው ቅዳሜ ጠዋት መሆኑን፣ ከግቢም እንደማይወጣ ተናገረች። ከሌሎቹም ሥራዬ ጎደለብኝ ያለ አልነበረም።

«እንግዲህ ከስድስት ሰዓት በኋላ እዚሁ ነበርክ» አለች ዲንቄ። «በሩን ከውስጥ የዘጋኸውም አንተ ነህ።»

ጌዲዮን ለትርፍ ሥራ ፀሐዩን ለምኖ መቅረቱን፣ ፀሐዩ ግን ሃያውን ኮሌታ ጠማማ ነው ብሎ አልረከብም እንዳለው፣ በንዴት መምታቱን ተናገረ። ኮሌታዎቹን ፀሐዩ ከተረከባቸው ጋር የቀላቀላቸው ከዚያ በኋላ ነው። ሳፊያን ግን ቀና ብሎ ሳያያት እንዲህ አላት።

«በሩን ስትገፊ ከኋላው ቆሜ ነበር። ካውያው እጄ ላይ ነበር።»

ሳፊያ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ወልደሚካኤል ደግፎ አነሳት።

ጌዲዮን ከተወሰደ በኋላ እድላዊት ሁሉም ወደ ቤቱ እንዲሄድ አዘዘች። ሠራተኞቹ ተጠጋግተው አንድ ላይ ወጡ። ወደ ኋላ ቀርቶ በሩን የሚቆልፍ ግን ጠፋ። በመጨረሻ ዲንቄ ራሷ ቆለፈችው።