የኡርፖ ድምፅ

አላምንም ብትሉ አልፈርድባችሁም። እኔም ጓደኛዬ ሲርኩ ራሷ ባትነግረኝ ኖሮ አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል። የሆነውም በጨለማ አይደለም... በሐምሌ፣ እነ ሲርኩ አገር በጋ በሆነበት ወር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት ነው።

ሲርኩ ኦውሉ ከተማ ውስጥ የኮምፒውተር ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሠራ ቡድን ትመራለች። ለየትኞቹ አሮጌ ማሽኖች ድጋፍ እንደሚቆም የምትወስነው እሷ ናት።

በፀደይ ስብሰባ ተቀመጡ። ሁሉም ደክሟቸዋል። ለአዲሶቹ ማሽኖች አንድ ነገር ባስተካከሉ ቁጥር አሮጌዎቹ ላይ ሌላ ነገር ይበላሻል።

«ለአሮጌዎቹ ድጋፉ ይቁም፤ እኔም እስማማለሁ» አለ ባልደረባዋ ቬዮ። «ግን አዲሱ ማሻሻያ በራሱ ነው የሚጫነው። አሮጌ ማሽን ላይ ከተጫነ ደግሞ ማሽኑ ዳግም አይነሳም። እዚያ እንዳይጫን መከልከያ ልሥራለት። ሳምንት ስጪኝ።»

«ለማን ብለህ? ለሙዚየም?» አለች ሲርኩ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ቬዮም ሳቀ።

ከስብሰባው በኋላ ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጠራ። የሽማግሌ ድምፅ ነው። ሞቅ ያለ፣ የባሕር ዳር ሰው ድምፅ... ግን ትንፋሽ የለውም።

«ልጄ፣ ኡርፖ እባላለሁ። ሃይሉኦቶ ደሴት ነው የምኖረው። በሕመም ምክንያት ጉሮሮዬን ቆርጠው አውጥተውታል። ከዚያ በፊት የገዛ ድምፄን ቀድተው እዚህ አሮጌ ማሽን ውስጥ አስቀመጡልኝ። እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ይናገርልኛል። ሌላ ማሽን ላይ አይሠራም አሉኝ። ልትዘጉብን ነው ሲባል ሰማሁ... አትዝጉብኝ።»

«አይዞዎት፣ እናየዋለን» አለችው።

አላየችውም።

«ረሳሁት ብልሽ ውሸት ነው» አለችኝ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። «ማሻሻያው የሚወጣበት ቀን እንዳይገፋብኝ ፈራሁ። ለቬዮም አልነገርኩትም።»

ሐምሌ ገባ። ማሻሻያው ወጣ። ሰው ሁሉ ሐይቅ ዳር ወዳለው የበጋ ቤቱ ሄዷል። ቢሮው ጭር ብሏል።

በማግስቱ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ስልኳ ጠራ።

ያው ቁጥር። ያው ድምፅ።

«ልጄ... ማሽኑ ሞተ።»

በመጀመሪያ እፎይ ነበር ያለችው። እያወራ ነዋ!

ከዚያ ያለ ማሽኑ መናገር እንደማይችል ትዝ አላት።

«ታዲያ... አሁን በምንዎ ነው የሚናገሩት?»

«እሱን እኔም አላወቅኩትም» አለ ድምፁ።

ተቋረጠ።

ነገሩን ሁሉ ለቬዮ ነገረችው። በማግስቱ ቬዮ መኪናውን አስነሳና አብረው በጀልባ ወደ ደሴቱ ተሻገሩ።

ኡርፖ በሩን ከፈተላቸው። አንገቱ ላይ ስስ ሻሽ ጠምጥሟል። አፉን ከፍቶ ሊናገር ሞከረ። የወጣው አየር ብቻ ነው።

አስገብቷቸው በሩን ዘጋ። ማሽኑ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ገመዱ ተነቅሎ ላዩ ላይ ተጠቅልሏል። አንድ ሰው ሊጠግነው ሞክሮ ሳይሆንለት ሆዱን እንደከፈተ ትቶታል።

ሲርኩ ኡርፖ ፊት ተንበረከከች።

«የዘጋሁብዎት እኔ ነኝ። አየዋለሁ ብዬ... አላየሁትም።»

ሽማግሌው ጸጉሯን ዳበስ አደረጋት። እንደ አባት። ያን ጊዜ ምነው በጥፊ ባለኝ አለች በልቧ።

«ትናንት ግን... ደውለውልኝ ነበር አይደል?»

ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። አልደወልኩም ማለቱ ነው።

ማሽኑን አሳያት። ከዚያ ጉሮሮውን። ከዚያ ባዶ መዳፉን ዘረጋ። በምን ድምፄ?

በዚህ መሐል ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ስልክ ጠራ።

የኡርፖ ቁጥር ነው።

የኡርፖ ስልክ ደግሞ መስኮቱ ላይ፣ ሦስቱም እያዩት፣ ጠፍቶ ተቀምጧል።

«አታንሺው» አለ ቬዮ በሹክሹክታ። «ሲርኩ... ተይው።»

አነሳችው። ድምፁ ክፍሉን ሞላው።

«ልጄ... በሩ ተዘግቶብኛል። ቤቴ ሰው ገብቷል።»

«አንቺ አለሽ። ጓደኛሽ አለ። ደግሞ አንድ ሽማግሌ...»

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ በፍርሃት፦

«ሽማግሌው ማነው?»

ኡርፖ የገዛ ድምፁን ሰምቶ ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ።

እጁን ዘረጋ። ሲርኩ ስልኩን ሰጠችው። ጆሮው ላይ አደረገው... አዳመጠ... ራሱን በእሺታ ነቀነቀ... እንደገና አዳመጠ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

ስልኩን በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ተነሳ። ሸሚዙን አስተካከለ።

ሄዶ የውጭውን በር ወለል አድርጎ ከፈተው። ደጁ ላይ ፀሐይ ብቻ ነው ያለው። የሰው ጥላ እንኳ የለም።

ኡርፖ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ከዚያም አንድ ሰው ወደ ውስጥ እንደሚያስገባ ሁሉ... ገለል ብሎ መንገድ ለቀቀ።