ሜዳሊያውን ማን ይቀበል?

«አንድ ሰው፣ አንድ ሜዳሊያ፣ ሁለት ማመልከቻ» አለ ወጣቱ ሻምበል። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ዓይኑን አሻሸ። «እናቴ፣ እርስዎም አመልክተዋል። እህቴ፣ አንቺም አመልክተሻል። አትነጋገሩም እንዴ? አድራሻችሁ እኮ አንድ ነው።»

ጭራሮ በእናቷና በአያቷ መካከል ተቀምጣ ወለል ወለሉን ታያለች። መነጋገሩንስ ይነጋገራሉ፤ ግን በእሷ በኩል ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ በአንድ ቤት እየኖሩ፣ በአንድ ምድጃ እያበሰሉ፣ «እናትሽን በሩን ቀስ አድርጋ ትዝጋ በያት»፣ «ለአያትሽ መድኃኒታቸው አልቋል በያቸው» ይባባላሉ። ያውም ሦስቱም አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው። ጭራሮ ያላት አባቷ ነው፤ ለቅጥነቷ። አሁን ቀጭን ብቻ ሳትሆን መልእክተኛም ሆናለች።

አባቷ የሠራዊቱ አምቡላንስ ሹፌር ነበር። ቁስለኞች ሲያመላልስ ዋለና «በቃ፣ መንገዱ ተዘግቷል» እየተባለ «የቀሩ አሉ» ብሎ ተመለሰ። በዚያው ቀረ። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው። ቤተሰብ ካልጠየቀ ሜዳሊያ አይሰጥም ሲባል አያቷ የልጄ ነው ብለው፣ እናቷ የባሌ ነው ብላ፣ አንዳቸው ለሌላው ሳይነግሩ አመለከቱ።

«ጥያቄያችሁ ተፈቅዷል» ሻምበሉ ቀጠለ። «መድረክ ላይ ወጥቶ የሚቀበለው ግን አንድ ሰው ነው። በየዓመቱ በመታሰቢያው ቀን የሚጠራውም እሱ ነው። እናትና ሚስት እኩል መብት አላቸው። ካልተስማሙ፣ ከፍ ያለ ልጅ ካለ ልጁ ይመርጣል።»

ሁሉም ወደ ጭራሮ ዞሩ።

«እኔ ራሴ ብቀበልስ?»

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«አሥራ አምስት።»

«አሥራ ስምንት ካልሞላሽ አይሆንም። ሰኞ መልሱን ይዛችሁ ኑ። ካልሆነ ሜዳሊያው ግምጃ ቤት ይገባል። እዚያ የገባ ነገር ሲወጣ ደግሞ እኔ አይቼ አላውቅም።»

በማግስቱ ትምህርት ቤት ለጓደኛዋ ነገረቻት።

«አታካብጂ ባክሽ!» አለች ጓደኛዋ። «እናትሽን ትመርጫለሽ፣ አለቀ። ቲቪ ላይ ልትወጡ እኮ ነው!»

«አያቴስ?»

«ታኮርፋለቻ። ከዛ ይወጣላታል።»

ጓደኛዋ አያቷን አታውቃቸውም። አያቷ ካኮረፉ ምግብ ይተዋሉ፤ ምግብ ከተዉ ስኳራቸው ይወርዳል፤ ስኳራቸው ከወረደ ራሳቸውን ይስታሉ። ጭራሮ ነገሩን በሐሳቧ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄደችበት። ከዚያ ተመለሰችና በእናቷ በኩል ሞከረችው። እዚያም መጨረሻው አላማረም።

ቤት ስትደርስ አያቷ ወጥ ቤት ቁጭ ብለው ሽንኩርት ይልጣሉ።

«ምረጪኝ አልልሽም» አሉ ቀና ሳይሉ።

«እማማ...»

«አልልሽም አልኩ። ግን እናትሽ ገና ልጅ ናት። ዛሬ ባይሆን ነገ ሌላ ነገር ታገኛለች። እኔ ሌላ ልጅ ከየት አባቴ ላምጣ?» ቢላዋውን አቀበሏት። «በይ ጨርሺልኝ፤ ወገቤ አልቻለም።»

አመሻሹ ላይ ጭራሮ ከመጋረጃው ጀርባ ሒሳብ እየሠራች ሳለ በሩ ተንኳኳ። እናቷ የሆቴል አንሶላ እቤት እያመጣች ትተኩሳለች፤ ካውያዋ ተበላሽቶ ነበር። ጠግኖ ያመጣላት የሠፈሩ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው።

«ሽቦው ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንዳንቺው ነው፤ ሲደክመው ዝም ይላል እንጂ ደህና ነው።»

እናቷ አልሳቀችም። ግባም አላለችውም።

«ያልኩሽን አሰብሽበት?»

«ምኑን ላስበው? ሰኞ ከመረጠችኝ የጀግናው ባለቤት ተብዬ መድረክ ላይ ልወጣ ነው። በየዓመቱ ሊጠሩኝ ነው። ከዚያ በኋላ ካንተ ጋር መንገድ ላይ ብታይ ሰው ምን ይለኛል?»

«ታዲያ ለምን ትቀበያለሽ? ይቅርብሽ፣ እሳቸው ይውሰዱት።»

«እተወዋለሁ ብል ደግሞ ‹ይኸው ረሳችው› ይላሉ። መጀመሪያ የሚሉኝ እናቱ ናቸው፣ ቀጥላ ልጄ። እጄን ብዘረጋም ጣጣ፣ ብሰበስብም ጣጣ።» ካውያውን ተቀበለችው። «ደክሞኛል። በቃ ሂድ፣ ሰው ሳያይህ።»

በሩ ተዘጋ። የጭራሮ እርሳስ ወረቀቱ ላይ እንደቆመ ቀረ። መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነበር። በአባቷ ቤት! በአባቷ በር ላይ! ተነስታ መጋረጃውን ልትገልጥ እጇን ሰደደች። ያኔ ካውያው ሲንሸራተት ሰማች። እናቷ እንደገና መተኮስ ጀምራለች። ሰውየው ከሄደ በኋላ እንኳን ቁጭ አላለችም። ጭራሮ እጇን መለሰች። ሰውየው ለካ ቢያንስ ድካሟን አይቷል። እሷ ልጇስ አይታው ታውቃለች? ያን ቀን ሒሳቡ አልተሠራም።

ሰኞ ሻምበሉ ጥያቄውን አላስረዘመም።

«እሺ፣ ማን ይቀበል?»

«አያቴ።»

ሻምበሉ ጻፈ። አያቷ እልል ይላሉ ብላ ነበር፤ እሳቸው ግን ድንግጥ ብለው «እኔን ነው?» አሉ። እናቷ በጥፊ እንደተመታ ሰው እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ቀረች።

አውቶቡስ ውስጥ አያቷ ከፊት ተቀመጡ፤ እናትና ልጅ ከኋላቸው።

«ምን በድዬሽ ነው?» አለች እናቷ፣ ወደ መስኮቱ እያየች።

«ምንም።»

«አባትሽን የረሳሁት መሰለሽ?»

«አልመሰለኝም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ለምን?»

እውነተኛው መልስ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የሰማችው፣ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። እናቷን ግን ታውቃታለች። ከተናገረች «ማነው ያለሽ?» ትላለች፤ ትምላለች፤ ነገ ያንን ሰው «ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳትደርስ» ትለዋለች፤ እንዳልረሳች ለማሳየት ብቻ። ያኔ ሁሉም ከንቱ ይሆናል።

«እማማ አርጅተዋል» አለች ጭራሮ። «ሌላ ልጅ የላቸውም።»

ይህም ውሸት አልነበረም። እናቷ ግን ፊቷን አዞረች። ትቆጣኝ፣ አለች ጭራሮ በልቧ። እስኪበርድላት ትቆጣኝ።

አውቶቡሱ በመንገዱ መጨናነቅ እየተጎተተ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ የእናቷ ጭንቅላት ዘንበል አለና የጭራሮ ትከሻ ላይ አረፈ። ጭራሮ እናቷ እንደተኛች የምታስመስል መስሏት ትንፋሿን አዳመጠች። ከባድና ረጅም ነው። እናቷ በቀን ስትተኛ አይታ አታውቅም።

የሚወርዱበት ፌርማታ ደረሰ። አያቷ የወንበሩን ብረት ይዘው ተነሱና ወደ ኋላ ዞሩ። ጭራሮ ራሷን ነቀነቀች፤ አንወርድም። አያቷ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ የተኛችውን ሴት ፊት ቆም ብለው አዩ። እንዲህ ቀረብ ብለው ካዩት ብዙ ጊዜ ሳይሆናቸው አልቀረም።

ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። በሩ ተዘጋና አውቶቡሱ ፌርማታውን አለፈ።