ያልታጠበ እግር

ነፋሱ ገና መጣ ሲባል ደረሰ። ፎቶ አንሺዋ ካሜራዋን ከባለሦስት እግሩ ማቆሚያ፣ ከትራይፖዱ ላይ ነቅላ ጃኬቷ ውስጥ ወሸቀችና አጎቷ ጀርባ ሥር ተኮራመተች። ጨው የተቀላቀለበት አሸዋ ሰማዩን ከምድሩ አደባልቆ ሩብ ሰዓት ሙሉ ገረፋቸው። ሲያባራ ወፍጮ ቤት ያደሩ አይጦች መስለው ተነሡ።

አጎቷ ካሜራ ጠጋኝ ናቸው። ከኪሳቸው ጨርቅ ጠፍቶ ስለማያውቅ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ጨርቄ» ይላቸዋል። ሌላው ሰው ጨርቁን ጥሎ ያብዳል፣ እሳቸው ግን ጨርቃቸውን ይዘው ያበዱ ናቸው እየተባለ ይቀለድባቸዋል። አሁንም ያችኑ ጨርቅ አወጡ።

«እግሮቹን እንደተዘረጉ ተያቸው» አሉ ትራይፖዱን እያዩ። «መጀመሪያ አሸዋው ይጠረግ፣ ጨዉ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፣ ይድረቅ፤ ከዚያ ይታጠፋል። እንዲሁ ከሸጎጥሽው አሸዋውን ይዞት ቱቦው ውስጥ ይገባል።»

ትሰማቸው ነበር። ግን ከአድማሱ ሥር የመኪና አቧራ ተነሣ። ሌሎቹ ፎቶ አንሺዎች ናቸው። እሷና አጎቷ ስድስት ቀን በእግር የመጡት ከደረቀው ሐይቅ ማዶ፣ ውሃ ባለበት የሚፈለፍሉትን ፍላሚንጎ የተባሉ ቀያይ ወፎች ለማንሳት ነው፤ መጽሔቱ የሚያትመው ደግሞ ቀድሞ የደረሰለትን ፎቶ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ቀደሙን እኮ!» አለችና ሦስቱንም እግሮች እንዳሉ ሸጎጠች። አሸዋው ቱቦው ውስጥ ሲፈጭ ጥርሷ ድረስ ተሰማት፤ ሰምታ እንዳልሰማ ሆነች።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉ አጎቷ፣ ጨርቃቸውን አጣጥፈው እየተከተሏት።

መንገድ ለማሳጠር ዳር ዳሩን ትታ በሜዳው መሃል አቋረጠች። ከላይ ሲያዩት የደረቀ ጨው ነው፤ ሥሩ ጭቃ ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ ቅርፊቱ ጠቅ ይላል፣ ልቧም አብሮት ጠቅ ይላል።

«እኔን ከቻለ አንቺን አያቅተውም» ብለው አጎቷ ከፊት ቀደሙ።

አልቻላቸውም። ቅርፊቱ ጧ አለና እስከ ወገባቸው ገቡ።

«ቁሚ! አትጠጊ!»

በደረቷ ተኝታ እየተሳበች ቀረበች፤ ከሁለት ክንድ በላይ ግን ቅርፊቱ አላስጠጋ አላት። ሻርፗን ወረወረችላቸው። ሲጎትቱት ተተረተረ። በተንቀሳቀሱ ቁጥር ጭቃው ወደ ታች ይስባቸዋል።

«ትራይፖዱን» አሉ እየቃተቱ።

እንደታጠፈ ዘረጋችላቸው፤ አንድ ክንድ ጎደለ። እግሩን ልታስረዝም የመቆለፊያውን ቀለበት ጠመዘዘች። ንቅንቅ አላለም። በሙሉ ኃይሏ ስትታገለው ትንሽ ተንቋቋና ጭርሱኑ ነከሰ።

ያን ጊዜ ከኋላዋ የሆነ ነገር አሽካካ። ዞረች። ከነጩ ሜዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጅብ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

ፈራች። እጇ የራሷ መሆኑን እስክትረሳ ድረስ ፈራች።

«ስሚኝ» አሉ አጎቷ፣ ሱቃቸው ተቀምጠው ደንበኛ የሚያነጋግሩ ይመስል። «አንቺ እጅሽን እይ። እሱን እኔ አየዋለሁ። እንቺ ጨርቁን፤ በሱ ጨብጠሽ ቀለበቱን ሙሉ በሙሉ ፍቺው።»

ጨርቁ ፊቷ ላይ አረፈ። በእሱ ስትጨብጠው ቀለበቱ እየጮኸ ተፈታ፤ ቱቦው ተመዞ ወጣ። የቀለበቱ ጥርስ በአሸዋ ተለስኗል። ቱቦውን የሚያጣብቁት ሁለት ቀጫጭን ፕላስቲኮች ሊወድቁ ሲሉ ይዛ ኪሷ ከተተቻቸው።

«ውሃ አፍስሺበት።»

«የቀረን የምንጠጣው ብቻ ነው!»

«ጠጥተን የት ልንሄድ? አፍስሺው! አንዲት ፍሬ አሸዋ ከቀረች አይጠብቅም፤ ስትጎትቺኝ ከመሃል ይመዘዛል።»

በክዳን እየለካች አፈሰሰች። በጨርቁ ጫፍ እያንዳንዱን ጥርስ ጠረገች። ጀርባዋ ሁሉ ጆሮ ሆኗል።

«የት ደረሰ?»

«ገና ሩቅ ነው።»

የእግሩ ሁለተኛ ቀለበት ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። ጭቃው ከአጎቷ ብብት ደርሷል። የሚያስነጥስ የሚመስል ትንፋሽ ሰማች፤ የራሷ ይሁን የሌላ ለመለየት አልደፈረችም።

«ጋሼ፣ አሁንስ?»

«ሩቅ ነው ብዬሻለሁ! ፕላስቲኩን መልሺ። ጉጡን ከቱቦው ቀዳዳ አግጥሚ። እንደሱ። አጥብቂው።»

አጠበቀችው። እግሩ ሙሉ ርዝመቱን ይዞ ወጣ፣ ክንዳቸው ሥር ገባ። ተነሥታ ተቀመጠችና ተረከዟን ጠጣር ጨው ላይ ተክላ ጎተተች። ጎተተች። መቆለፊያው አልተንሸራተተም። ጭቃው እንደሚወለድ ጥጃ ቀስ እያደረገ ለቀቃቸው። ገና ደረታቸው ሲወጣ አንድ እጃቸውን አላቀው የጨው ጓል በራሷ ላይ አሳልፈው ወረወሩ፤ ጮኹም። ከሩቅ የመኪና ጥሩምባ መለሰላቸው፣ ኮቴም ከኋላዋ እየተንኳኳ ራቀ።

መኪናው በደረቁ ዳር ቆሞ ሁለት ሰዎች እየሮጡ መጡ።

«ጩኸት ሰምተን ነው! ገመድ ይዘናል!»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ ጋሽ ጨርቄ፣ በጀርባቸው እንደተዘረሩ።

እሷ ግን አልሳቀችም። እርጥቡ ጨው ላይ ያለውን ዱካ እያየች ነበር። እየተጠጋ፣ እየተጠጋ መጥቶ፣ ጀርባዋ ከነበረበት አንድ ስንዝር ላይ አብቅቷል።

ሰዎቹ ውሃ ሰጥተው ወደ ማዶ ወሰዷቸው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደረሱ። ውሃው በወፍ ቀልቷል፤ እንዲህ ያለ ብርሃን በዕድሜ አንዴ ነው የሚገኘው። ሰዎቹ ካሜራቸውን ይዘው ሮጡ። እሷ አጎቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሩቅ ነው እያሉ ዋሹኝ።»

«ምን ላድርግ? እጅሽ አይሠራም ነበር።»

«እርስዎስ አልፈሩም?»

ጨርቁ እሷ ጋ መቅረቱን ረስተው ባዶ ኪሳቸውን ደጋግመው ዳበሱ። እጃቸውን ያዘችው። ወፎቹ ጨለማ ውስጥ እስኪጠፉ ድረስ አልለቀቀችውም።